ለጥቂት

ውሃ በሊትር፣ ስኳር በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር ይለካል። የምድጃ አደጋ ግን በአማርኛ አንድ መለኪያ ብቻ አለው፤ እሱም «ለጥቂት» ነው። የነጠላዋ ጫፍ በእሳት ሊያያዝ ነበር፤ ለጥቂት። ሕፃኑ ፍሙ ላይ ሊቀመጥ ነበር፤ ለጥቂት። ዘበኛው ማንደጃውን የዘበኛ ቤቱ ውስጥ አስገብቶ ተኝቶ ነበር፣ በሩ ባይደበደብ ኖሮ አይነቃም ነበር፤ ለጥቂት። ጥቂቱ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስንዝር ይሁን ጣት፣ ደቂቃ ይሁን ትንፋሽ፣ ቃሉ ያው ነው። ወሬው አቦል ላይ ይነሣል፣ «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» ይባልና ቶና ላይ ይሣቅበታል፣ በረካ ላይ ይረሳል። በረካው ሲቀዳ ምድጃው እዚያው ቦታው፣ ነጠላውም እዚያው ትከሻ ላይ ነው። እኔ የምለው፣ እስኪ አንድ ቀን ይህን ጥቂት እንለካው። ስንለካው የምድጃ አደጋ ከዕድልም፣ ከዝርክርክነትም ይልቅ የርቀት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ዕድል በእጃችን አይደለም፤ ርቀት ግን በብሎኬትም ይጨመራል።

አሁን ባለው ሥርዓት ቃጠሎ ሲደርስ ተከሳሿ የታወቀች ናት፤ ጋጋሪዋ። «ልቧ የት ሄዶ ነው?» ይባላል። እሷ ነጻ ከወጣች ልጁ ቀልቃላ ነው፤ ልጁም ካልሆነ ሰይጣን አለ። ምድጃው ብቻ አንድም ቀን ተከስሶ አያውቅም። እስኪ የእንጀራ ጋገራን ቀረብ ብለን እንየው። ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ ተጎልቷል፤ በሦስቱም ክፍተት እሳቱ ምላሱን ያወጣል። ከላይ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ ተጥዷል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየተዞረ ስለሚፈስ ክንድ ምጣዱን ተሻግሮ መሄድ አለበት። ከዚያ አክንባሎው ይከደናል፤ ሲነሣ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይወጣል። እንጀራው በሰፌድ ይነሣል፤ በመሐሉ ያጠረው እንጨት በእጅ ወይም በእግር ወደ ውስጥ ይገፋል። አንድ እንጀራ ጋጋሪዋን ቢያንስ 2 ጊዜ እሳቱ ላይ ያጎነብሳታል እንበል። ለ30 እንጀራ 60 ጊዜ ነው። በሳምንት 2 ቀን ብትጋግር በዓመት ከ6 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። 6 ሺህ ጊዜ ለጥቂት የዳነችን ሴት በ6 ሺህ አንደኛው «ዝርክርክ» የሚል ዳኛ፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን ሳይሳሳት ስንት ጊዜ የሸሚዙን ቁልፍ እንደሚቆልፍ ቢቆጥር ጥሩ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ። «አያቶቻችን በዚሁ በሦስት ድንጋይ ጋግረው ሰባት ስምንት ልጅ አሳድገዋል።» አዎ፣ አሳድገዋል። ግን ይህን የሚል ሰው የአያቱን ክንድ እጅጌዋን ሰብስቦ ቢያይ፣ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን የምጣድ ጠርዝ የጻፈውን ታሪክ ያነብ ነበር። ያልተረፉት ደግሞ ለምስክርነት አይቀርቡም። ሌላም ነገር አለ። አያት ጉልቻዋን የጎለተችው ማድ ቤት ለብቻው በነበረበት ግቢ ነው። ከወንዝ ያመጣችው ድንጋይ ውስጡ እርጥበት ካለው ሲግል እንደሚፈነዳ ታውቃለች፤ ፍሟን አመድ አልብሳ አዳፍና ታሳድራለች እንጂ አልጋዋ ሥር አታስገባም። ከተማ ግን ጉልቻውን ከአያት ወርሶ ግቢውን አልወረሰም። ሦስት በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ አልጋው፣ ምድጃው፣ ልጁና ጀሪካኑ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይኖራሉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ስለ ወጡ እውነቱን ነው። ስለ ጋጋሪዋ ክንድ ግን የተናገረው ነገር የለም።

ከመጋገሩም በፊት ማቀጣጠል አለ፤ እዚያ ላይ ጥቂቱ በጣም ትንሽ ነው። በየሰፈሩ የሚታየውን የከሰል አያያዝ እንመልከት። አንዲት ጥቁር ፌስታል ትጠቀለልና በክብሪት ትለኮሳለች። ከዚያ በሁለት ጣት ተይዛ ከሰሉ ላይ ትንጠለጠላለች። እሳት የያዘ የላስቲክ ጠብታ «ዝዥ፣ ዝዥ» እያለ ይወርዳል፤ ከሰሉ ላይ ሲያርፍ ያቀጣጥላል፣ እግር ላይ ሲያርፍ ይለጠፋል። ውሃ ቆዳን አቃጥሎ ይፈስሳል፤ የቀለጠ ላስቲክ ግን መኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘ ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ቀጥሎ «እፍ» አለ። እፍ የሚል ሰው ፊቱን ከፍሙ አንድ ስንዝር አድርጎ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ አመዱን ወደ ራሱ የሚያስነሣ ሰው ነው። ካርቶን ያለው ያራግባል፤ ብልጭታውንም ለጎረቤቱ ያካፍላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚማግድ ደግሞ ዘይት የያዘ ነገር እንደሚማግድ ይወቅ፤ ለዚያ ነው ድንገት ቦግ የሚለው። በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያወጣት ዛፍ ውለታው ብዙ ነው፤ ቅንድብ መለብለቡን ግን አልተወም። ከሁሉ የሚብሰው ላምባው ነው። እሳቱ «ጠፍቷል» ይባልና ከጀሪካኑ ጠብ ይደረግበታል። ከአመዱ ሥር ያለው ፍም ግን አልጠፋም። የላምባው ትነት ይያያዛል፤ ነበልባሉም የሚንቆረቆረውን ተከትሎ ወደ እጅ ሽቅብ ይወጣል። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ከ«ለጥቂት» ቀጥሎ የምድጃ ዳር ሁለተኛው ውሸት ነው።

ወደ ቡናው እንምጣ፤ ቡናን መተቸት ግን በራስ ላይ እሳት መጫር መሆኑን አልዘነጋሁም። ሥርዓቱ ውብ ነው፤ ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ ዕጣኑ። ሁሉም ግን መሬት ላይ ነው። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ መዳህ የጀመረ የቤቱ ባለቤት አለ። የፍሙ መቅላት፣ የጀበናው መንተክተክ፣ የፈንዲሻው ሽታ ሁሉ እሱን ለመጥራት የተዘጋጀ ይመስላል። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ስለተቀመጡ ልጁ የተጠበቀ ይመስላቸዋል፤ እያንዳንዱ ግን ሌላው እያየው ነው ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የ8 ዲግሪ ቅናሽ መሆኑ ነው፤ ለሕፃን ቆዳ ግን ይህ ቅናሽ አይሠራም፤ የአዋቂን ቆዳ እንኳ በሰከንዶች ውስጥ ለማቃጠል 60 ዲግሪ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 180 ሺህ ያህል ሰው በቃጠሎ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኞቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች፤ ቃጠሎው በብዛት የሚደርሰውም ቤት ውስጥና ሥራ ቦታ ነው። እንግዲህ በልጁና በጀበናው መካከል ያለው ጥቂት ስንት ነው? ልጁ ለመዳህ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ሲቀነስ ወሬው የጣመበት ጊዜ።

«መፍትሔውማ ጥንቃቄ ነው» የሚለኝ ሰው እዚህ ላይ ይነሣል። ጥንቃቄን የሚጠላ የለም። ዳሩ ግን በየማስታወቂያው መጨረሻ «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚባለው፣ ሌላ የሚባል ነገር ሲጠፋ ነው። ለዚህ የማላዊ ገጠር ጥሩ ማስረጃ አለው። ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ለአንዳንዶቹ መንደሮች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ማራገቢያ ያለው የእንጨት ምድጃ ተሰጠ፤ ሌሎቹ በጉልቻቸው ቀጠሉ። የታሰበው የሕፃናቱ የሳንባ ምች ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ አልቀነሰም። የቀነሰው ሌላ ነገር ነው። ምድጃው በተሰጠበት መንደር የሕፃናት ቃጠሎ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ በእነዚያ መንደሮች እናቶቹ ተመርጠው ጠንቃቆች አልሆኑም፣ ልጆቹም ድንገት ጨዋ አልሆኑም። እሳቱ ግድግዳ አገኘ፤ በቃ። እኛም ጋ ቢሆን የተሻሻሉ ምድጃዎች ሞልተዋል፤ ስማቸውም ደስ ይላል፤ «ላቀች»፣ «ምርጥ»፣ «ትክክል»። ለእንጀራ የተሠራው የሲሚንቶ «ምርጥ» ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ሻጩ የቆጠበውን እንጨት ይቆጥራል፤ እሳቱን ዙሪያውን በማጠሩ የተረፈችውን ጣት ግን አይቆጥርም። አንዱን ምድጃ «አትለብልብ» ብሎ የሰየመ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ጥንቃቄ ፈጽሞ የማይደርስለት ሰውም አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ዳር ሲቀመጥ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ በሽታው ሲነሣበት ጥንቃቄው አብሮት ይወድቃል። በቡታጅራ አካባቢ የተሠሩ የሚጥል በሽታ ጥናቶች ቃጠሎን ከበሽተኞቹ ጉዳቶች መካከል መዝግበዋል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ «ይጋባል» የሚለው ፍርሃት ነው፤ እሳት ላይ የወደቀውን ሰው የሚጎትተው ይጠፋል፤ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚያሸት ግን አይጠፋም። በሽታው አይጋባም። እዚህ ላይ ለመቀለድ ብዕሬ እሺ አይለኝም። ለእንዲህ ያለ ሰው ከፍ ያለና የታጠረ ምድጃ ብልጭልጭ ዕቃ አይደለም፤ ሕይወቱ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለሚታይ እሳት ነው። ክፉው ጥቂት የማይታየው ነው። የእንጨት ጭስ ነዝናዛ ጎረቤት ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሻሽና ጋቢ ላይ ሳምንት ይከርማል። ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከ237 ሺህ በላዩ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ይህ ግን ዓመታት የሚፈጅ የቀስታ ሥራ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ሲሆን የእንጨት ጭስ ዘብ ነው። በእንጨት ጭስ በታፈነ ክፍል ውስጥ መተኛት ይከብዳል፤ የነቃውን ሰው ጭሱ ራሱ አንገቱን ይዞ ደጅ ያወጣዋል። ከሰል ግን ጨዋ ነው። አያስለቅስ፣ አያስል፣ ግድግዳ አያጠቁር። ጭሱን አፈር ለብሶ ሲከስል እዚያው ጫካ ውስጥ ጨርሶት ነው የመጣው። ስለዚህ እንግዳ ተቀባዩ ሕዝባችን ይህን ጨዋ እንግዳ በክረምት ማታ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል፣ በሩን ይዘጋበታል፣ በበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስም በጨርቅ ይደፍንለታል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቀላል ኬሚስትሪ ነው። አየር ያነሰው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አውቶቡሱ ቆሟል፤ ወንበሩን ግን ሌላ ሰው ይዞታል። ራስ ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፤ ነቅቶ ለመነሣት የሚሞክረውን ጉልበቱ ይከዳዋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ በሩ ሥር ወድቆ የሚገኘው። በሰፈር ግን ይህ ሌላ ስም አለው፤ «ጠላው ነው»፣ «ምች መታኝ»፣ «ቡዳ በላው»። ምች እኮ ሰውን አሰልፎ አይመታም! አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ የጠላውንና የምቹን ፋይል ዘግታችሁ በሩን ክፈቱ። ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት መጋት ከሄሞግሎቢን ላይ የተቀመጠውን አያስነሣም፤ የሚያስነሣው ንጹሕ አየርና የሐኪም ቤት ኦክስጅን ነው።

«እኛ እስኪቀላ ደጅ እናቆየዋለን፤ መርዙ የጥሬው ጭስ ነው» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የተወደደው ነው፤ ከሁሉም የሚገድለው። ቀልቶ የሚያምረው ፍም ጭሱ ቆመ እንጂ ጋዙ አልቆመም፤ አመድ ለብሶ ያንቀላፋ ሲመስልም ይተነፍሳል። እንዲያውም ማስጠንቀቂያውን ደጅ ጥሎ አደጋውን ብቻ ይዞ መግባት ነው። ይህ ልማድ የሚጸናባቸውን ቦታዎች ተመልከቱ። አንዱ በቆርቆሮ የተሠራ የዘበኛ ቤት ነው። ሌላው ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ የአራስ ቤት ነው። የምናከብረውን ሰው የምናሞቅበት መንገድ ነው እንግዲህ።

ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ የድህነቱ ነው። ርቀት ዋጋ አለው። አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት ምድጃዋን ከአልጋዋ ምን ያህል ታርቀው? መብራት ሲጠፋስ ከከሰል ሌላ ምን አላት? እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። ግን ይህ ነገር የእኔን ክስ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ጥፋቱ የእሷ ዝርክርክነት አለመሆኑን እየነገረን ነውና። ኤሌክትሪክ ምጣድም ያቃጥላል ለሚለኝ፣ አዎ ያቃጥላል፤ ነጠላን ፈልጎ ምላሱን አይዘረጋም እንጂ። ጭሱ ምስጥና ተባይ ከሣር ክዳን ያባርራል ለሚለውም እሺ፤ ጥቀርሻውም ለብራና ጸሐፊ ቀለም ሆኗል። ይሁንና ጣሪያውን ለማዳን ሳንባ መክፈል ውድ ሒሳብ ይመስለኛል። ጉልቻም ቢሆን የሚመሰገንበት አለው፤ ለትንሹም ለትልቁም ድስት ይሰፋል ይጠባል፣ መለዋወጫ አይፈልግም፣ አይበላሽም። ዘመናዊው ምድጃ ሲሰበር ሰው ተመልሶ ወደ ሦስቱ ድንጋዮች የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ወይም ብዙ የማይጠይቅ ርቀትም ግን አለ። ነጠላን ወገብ ላይ አጥብቆ ማሰር በአንድ ስንዝር ያራርቃል። የከሰል ምድጃውን ሁለት ብሎኬት ላይ ማስቀመጥ ከሚድህ ልጅ በአንድ ክንድ ያርቃል። ቡና ሲፈላ ምድጃውን ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ረከቦቱንና አፍዪዋን ከፊቱ ማድረግ ለልጁ አጥር ነው። ላምባውን ከማድ ቤት ማውጣት አንድ ግድግዳ ይጨምራል። ጥቂቱ ሁሉ አልቆ ቃጠሎ ከደረሰም ሊጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና ለቁስሉ ምግብና ጽዳት አይሆኑትም፤ የሚፈልገው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ቅንጦት ቢመስልም። ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ማራገብ ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ መንከባለል፣ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ስልኩ 939 ነው።

የማታውን ከሰል ግን ደጅ ያውጡት፤ ቀልቷልም አልቀላም፣ መስኮቱ ክፍት ነውም አይደለም። ብርዱን ለጋቢው ይተዉለት፤ አራት እጥፍ ሆኖ የተሠራው ለዚሁ ነው።